ፍራንክሊን ሩዝቬልትና የአሥር ሳንቲሞች ሰልፍ

የጤና ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ በሕፃናት አፍ የክትባት ጠብታ ሲያንጠባጥቡ ሳታዩ አልቀራችሁም። ምናልባትም ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እኅታችሁን አቅፋችሁ ያስከተባችሁት እናንተው ትሆናላችሁ። ያ ጠብታ ፖሊዮ የተባለውን የልጅነት ሽባነት የሚከላከል ነው። ለመሆኑ ይህን በሽታ የሚከላከል ክትባት እንዲገኝ ለተደረገው ምርምር ገንዘቡን ያዋጣው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ብዙው ገንዘብ የመጣው ከነገሥታት ግምጃ ቤት ሳይሆን አሥር አሥር ሳንቲም ከላኩ ተራ ሰዎች ነበር። እነዚህን ሰዎች ያነሣሣው ደግሞ በሽታው እግሮቹን የነሣው አንድ ስመ ጥር ሰው ነው። ከዚህ በታች የሕይወት ታሪኩን ታነባላችሁ። በምንባቡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት ጃንዋሪ 30 ቀን 1882 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ ሃይድ ፓርክ በተባለ ስፍራ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። ለእናቱ አንድያ ልጅ ስለ ነበር በእንክብካቤ አደገ። የሕግ ትምህርት ከተማረ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በጥብቅና ሠራ። በ1910 ለኒውዮርክ ግዛት ሴኔት ተመረጠ፤ በ1913 የአገሪቱ የባሕር ኃይል ምክትል ሚኒስትር ሆነ። በ1920 ለምክትል ፕሬዝዳንትነት ተወዳድሮ ቢሸነፍም፣ ስሙ በመላ አገሪቱ ታወቀ። ሁሉ ነገር የተቃናለት ሰው ይመስል ነበር።

ይሁን እንጂ በኦገስት 1921 ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ሩዝቬልት በዚያን ጊዜ የ39 ዓመት ሰው ሲሆን፣ ካምፖቤሎ በተባለች የካናዳ ደሴት ከቤተ ሰቡ ጋር ያርፍ ነበር። አንድ ቀን ሲዋኝ ውሎ ድካምና ብርድ ስለ ተሰማው ቀደም ብሎ ተኛ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በእግሮቹ መቆም ተሳነው። ሐኪሞች ሕመሙ ፖሊዮ መሆኑን ነገሩት። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ያለ ድጋፍ አልተራመደም። ለመቆም ሲፈልግ ከባድ የብረት ድጋፍ በእግሮቹ ላይ ማሰር፣ በአንድ እጁ ምርኩዝ፣ በሌላው የሰው ክንድ መያዝ ነበረበት።

እናቱ ወደ ሃይድ ፓርክ ተመልሶ በዕረፍት እንዲኖር ፈለገች። ባለቤቱ ኤሊኖርና ወዳጁ ሉዊስ ሃው ግን ሰውየው ከሥራ ከተለየ ከበሽታው ይልቅ ሥራ መፍታቱ እንደሚጎዳው ስላመኑ፣ ከሕዝብ ዓይን እንዳይርቅ ይደግፉት ጀመር። እስቲ ለአንድ አፍታ ቆም ብላችሁ ራሳችሁን በእርሱ ቦታ አስቀምጡ። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ምክር ትቀበሉ ነበር?

በ1924 ሩዝቬልት በጆርጂያ ግዛት ዋርም ስፕሪንግስ ወደ ተባለ የፍል ውሃ ስፍራ ሄደ። ለብ ያለው የምንጭ ውሃ ገላን ስለሚያንሳፍፍ፣ በየብስ ላይ የማይታዘዙት እግሮች በውሃው ውስጥ ጥቂት ይንቀሳቀሱ ነበር። ይህን የሰሙ ሌሎች ሕሙማን ከልዩ ልዩ ቦታ ወደዚያ መጡ። እርሱም ከእነርሱ ጋር እየዋኘ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ እያስተማራቸው ሰነበተ። በ1926 ያረጀውን የመዝናኛ ስፍራ ከሀብቱ ከፍ ያለውን ድርሻ አውጥቶ ገዛው፤ በ1927ም ወዳጁ ከነበረው ጠበቃ ከባዚል ኦኮነር ጋር ሆኖ ለበጎ አድራጎት የቆመ የሕክምና ድርጅት አደረገው። ውሃው እግሮቹን አላዳነለትም። ነገር ግን ችግሩ የእርሱ ብቻ አለመሆኑን አሳየው።

ሩዝቬልት በ1928 የኒውዮርክ አገረ ገዥ፣ በ1932 የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሆኖ ተመረጠ። ጊዜው ታላቅ የኤኮኖሚ ድቀት የደረሰበት ስለ ነበር ለዋርም ስፕሪንግስ የሚሰጠው እርዳታ እየመነመነ ሄደ። ስለዚህ ጃንዋሪ 30 ቀን 1934፣ በፕሬዝዳንቱ የልደት ቀን፣ በብዙ ከተሞች የዳንስ ግብዣ ተደርጎ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በ1938 ደግሞ በመላ አገሪቱ ሕሙማንን የሚረዳና ምርምርን የሚደግፍ፣ የፖለቲካ ወገን የሌለው ብሔራዊ ድርጅት ተቋቋመ። መሪው ኦኮነር ሆነ።

በዚህ ጊዜ ኤዲ ካንተር የተባለ ዝነኛ የሬዲዮ ቀልደኛና ዘፋኝ አንድ አሳብ አመጣ። ይኸውም እያንዳንዱ ሰው አንድ ዳይም፣ ማለትም አንድ አሥር ሳንቲም፣ በቀጥታ ወደ ፕሬዝዳንቱ ቤት እንዲልክ በሬዲዮ መለመን ነው። ዘመቻውንም በወቅቱ ከታወቀ የዜና ፊልም ስም በመነሣት የዳይሞች ሰልፍ አለው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመጣው ደብዳቤ ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በከረጢት በከረጢት ይጎርፍ ጀመር፤ የቤተ መንግሥቱ የፖስታ ሠራተኞችም መላ ጠፋቸው። በሰም ተለጥፈው፣ በኬክ ውስጥ ተጋግረው የመጡ ሳንቲሞች ሳይቀሩ ነበሩ። ሲቆጠሩ 2,680,000 ዳይሞች፣ ማለትም 268,000 ዶላር ሆኑ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ምሳሌያችን እዚህ ላይ በተግባር ታየ።

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስትጽፉ ጉድለታቸውን አትሸፍኑ። ሩዝቬልት ሕመሙን ለድርጅቱ መርጃ ቢያደርገውም፣ በባለ ጎማ ወንበር ተቀምጦ ፎቶግራፍ እንዲነሣ አይፈልግም ነበር። ደካማ መስሎ መታየትን ይፈራ ነበርና፣ የሕመሙን ክብደት ያላወቀው ሕዝብ ብዙ ነበር። ከዚህም ሌላ ዋርም ስፕሪንግስ ጥቁር ሕሙማንን አይቀበልም ነበር። ይህ አድልዎ ነቀፌታ ካስነሣ በኋላ ብሔራዊው ድርጅት በአላባማ ግዛት፣ በተስኪጊ፣ ለጥቁሮች የሕክምና ማዕከል አሠራ፤ ማዕከሉም በ1941 ተከፈተ። በሽታው ቀለም ሳይለይ ሰዎች ግን ይለዩ ነበር።

ሩዝቬልት አራት ጊዜ ለፕሬዝዳንትነት ተመርጧል። በፌብሩዋሪ 1945 በግብፅ ውሃ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ከኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋግሮ ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ኤፕሪል 12 ቀን 1945 በዚያው በዋርም ስፕሪንግስ ዐረፈ። በተከታዩ ዓመት የአሜሪካ አሥር ሳንቲም በምስሉ ታተመ።

ሳንቲሞቹ ግን ከሞቱም በኋላ መሰለፋቸውን አላቋረጡም። በተሰበሰበው ገንዘብ የተደገፈው ሐኪም ጆናስ ሳልክ ክትባት አዘጋጀ፤ በ1954ም 1.8 ሚሊዮን ያህል ልጆች በሙከራው ተካፈሉ። ኤፕሪል 12 ቀን 1955፣ ሩዝቬልት በሞተ ልክ በ10ኛው ዓመት፣ ክትባቱ የሚያድን መሆኑ ተነገረ። ወጣቶች ለመከተብ ሲዘገዩ ዘፋኙ ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1956 በካሜራ ፊት ክንዱን ገልጦ ተወጋ። በ1952 በአሜሪካ 58,000 ያህል ሰዎች በፖሊዮ ታመው ነበር፤ በ1962 ቁጥራቸው ከ1,000 በታች ወረደ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን ትገነዘባላችሁ? ፕሬዝዳንቱም ሆነ ቀልደኛው ወይም ዘፋኙ መድኃኒት አልቀመሙም። ያላቸውን ስም አዋሱ። ስማቸው ግን ሳንቲሙን የሚልክ ሰው ባያገኝ ኖሮ ባዶ ድምፅ ሆኖ በቀረ ነበር። ዝና የጠሪ ድምፅ ነው፤ ሥራው የሚሠራው በሚመልሰው ሕዝብ ነው። ስለዚህ እናንተ ዝነኞች እስክትሆኑ አትጠብቁ፤ የአሥር ሳንቲሟ ድርሻ ዛሬም የእናንተ ናት።

መልመጃ

1. ሩዝቬልት ከታመመ በኋላ እናቱና ባለቤቱ የነበራቸውን የአሳብ ልዩነት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
2. በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሰው ምሳሌያዊ አነጋገር ከታሪኩ ጋር እንዴት ይዛመዳል?
3. የሚከተሉትን ቃላት ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው፦ መነመነ፣ ነቀፌታ፣ አድልዎ፣ ምርኩዝ።
4. በአካባቢያችሁ ሰዎች ተባብረው ለሕሙማን ያደረጉትን እርዳታ በሦስት አንቀጽ ጻፉ።