ቋንቋቸውን ረስተው የመጡት ሐኪም

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሁላችንም ከየመኝታ ክፍላችን ደጃፍ በተቀመጥንበት ማታ፥ ከመካከላችን ለአንዱ እናቱ ከአገር ቤት ደወሉለት። ለደም ግፊት ከታዘዘላቸው ኪኒን ካርቶን ውስጥ ረጅም ወረቀት አግኝተዋል፤ የጎረቤት ልጅ ፎቶግራፍ አንሥቶ ልኮታል፤ ምን እንደሚል ይንገራቸው። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው። አራት የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች በአንድ ባትሪ ዙሪያ ተሰብስበን፥ ያነበብነውን ተረድተን፥ ለእናት በሚገባ አማርኛ መንገሩ ግን አቃተን። ቃል ሲጠፋን እንግሊዝኛውን እንዳለ እናስቀምጥላቸዋለን፤ እሳቸውም እሺ ልጄ ይሉናል። እንዳልገባቸው እኛም አውቀናል፤ እሳቸውም እንዳወቅን አውቀዋል።

ከቱሉ ዲምቱ ቁልቁል ወደ አዳማ የሚወርዱትን የጭነት መኪናዎች መብራት እያየን ስንጫወት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነገር የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው። በዘመናዊ ሕክምና ከተመረቁት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው እንደ ነበሩ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሕይወታቸው ግን ከዚያች የኪኒን ወረቀት ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንጻፍ ብለን ተነሣን።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ሕዝቡ ሲበተን፥ አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከዘመድ ተለይቶ ቀረ። ቻምበርሌን የተባለ መኰንን ወደ ሕንድ አገር ወሰዳቸው፤ እርሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። በላሆር ሕክምና ተምረው በ1882 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተመረቁ፤ ኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤዲንበርግ ትምህርታቸውን ካዳበሩ በኋላ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነው ሠሩ። የዐድዋ ድል ወሬ የደረሳቸው እዚያው ሳሉ ነው።

በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ ማከም ጀመሩ፤ አፄ ምኒልክም አስጠሯቸው። ሴት አያታቸው መጥተው የሕፃንነት ጠባሳቸውን አይተው ለዩአቸው። ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ በጠባሳው ላይ ይቆማል። እኛ የቆምንበት ከዚያ ቀጥሎ ባለው ነው፤ አያትና የልጅ ልጅ ተገናኝተው መነጋገር አልቻሉም። አማርኛው ከአፋቸው ጠፍቷል። አስተርጓሚ በመካከል መግባት ነበረበት።

እስቲ ይህን በድንኳኑ ውስጥ እናስበው። ሕመምተኛው ምች መታኝ ይላል፤ መጋኛ ነው ይላል፤ ልቤን ነፋኝ ይላል። የአገራችን ሰው ልቤን ሲል ብዙ ጊዜ ሆዱን ማለቱ እንደ ሆነ ከገጠር የመጣን ሁሉ እናውቃለን። አስተርጓሚው ልብ ብሎ ቢተረጕም ሐኪሙ ጆሮውን የሚያስጠጋው ከደረት ላይ ነው! ዕውቀቱ አለ፥ መድኃኒቱ አለ፥ ፈቃዱም አለ፤ ነገሩ የሚሰናከለው በአንዲት ቃል ነው። ሐኪም ወርቅነህ አማርኛን እንደ ውጭ ቋንቋ እንደገና ከፊደል ጀምረው የተማሩት ሸምግለው ባይሆንም ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ነው።

የጤና መጽሐፍስ በአገራችን አልነበረምን? ነበረ። መጽሐፈ መድኃኒት የሚባለው የብራና ጽሑፍ በየደብተራው እጅ ነበር፤ ለየሕመሙ የትኛው ሥር፥ የትኛው ቅጠል፥ ከማር ወይስ ከቅቤ ጋር እንዲወሰድ ይናገራል፤ ጸሎትም ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ ከንቱ የሚል ተማሪ በመካከላችን አለ፤ እኛ ከእርሱ ጋር አንስማማም። ኮሶ በእውነት ትል ያስወጣል፤ ብዙ ከጠጡት እንደሚጎዳም አባቶቻችን ያውቁ ነበር። የመጽሐፉ ጉድለት ሌላ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ በምስጢር ይተላለፋል እንጂ ሕፃን የታመመባት እናት ቤት አይገባም።

በሌላው ዓለምም የሐኪሞች ዕውቀት ለረጅም ዘመን በላቲን ተቈልፎ ኖሯል። ዊልያም ቡካን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1769 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለቤተ ሰው የሚሆን የሕክምና መጽሐፍ ተራ ሰው በሚያነበው እንግሊዝኛ አሳተመ። ስለ ሕፃን አስተዳደግ፥ ስለ ምግብ፥ ስለ ንጹሕ አየር፥ ስለ ሥራና ስለ እንቅልፍ አስቀድሞ ጽፎ ከዚያ ወደ በሽታዎቹ ያልፋል። ደራሲው በሕይወት ሳለ 19 ጊዜ ታተመ። የታተመው በኤዲንበርግ ነው፤ ወርቅነህ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይተው በተማሩባት ከተማ።

ሐኪም ወርቅነህ በበርማና በአዲስ አበባ መካከል ሲመላለሱ ቈይተው በኋላ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኀላፊ ሆኑ። በ1920 ዓ.ም. በአማርኛ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ የዓለም ጂኦግራፊ ነው።

እዚህ ላይ በእኛ መካከል ክርክር ሆነ። አንዱ ወገን፥ ከ40 ዓመት በላይ ሕመምተኛ ያዩ ሰው ስለ ተራራና ስለ ወንዝ ከሚጽፉ ስለ ወሊድና ስለ ተቅማጥ ቢጽፉልን ምንኛ በተጠቀምን አለ። ሌላው ወገን፥ ትምህርት ቤት ተሰጥቷቸው የመማሪያ መጽሐፍ ጠፍቶ ሳለ ምን ያድርጉ፥ ደግሞስ በዚያን ጊዜ ስንት እናት ታነብ ነበር ሲል መለሰ። ነገር ግን ደብዳቤ ሲመጣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ተጠርቶ ያነብ አልነበረምን? የጤና መጽሐፍም እንዲሁ ይነበብ ነበር። እኛ በልባችን ከመጀመሪያው ወገን ነን፤ ሆኖም በእሳቸው ቦታ ሆነን እንፈርዳለን ማለት ይከብደናል።

ከዚያ በኋላ መጻፊያ ጊዜም አላገኙ። የጨርጨር ገዥ ሆኑ፤ ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ በተደረገው ግድያ ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉት ሁለቱ ልጆቻቸው በፋሺስቶች እጅ ሞቱ። በ1934 ዓ.ም. ተመልሰው፥ በ1945 ዓ.ም. መግቢያ አረፉ። ለብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ነበር፤ እርሱም በእንግሊዝኛ ነው።

የጓደኛችንን እናት ወረቀት በተመለከተ፥ ኪኒኑን መቼ መውሰድ እንዳለባቸው ሐኪማቸው በቃል ነግረዋቸዋል። እኛ ደግሞ ወረቀቱን ሁለት ማታ ተቀምጠን በእጅ ጽሑፍ ወደ አማርኛ መለስነው፤ የጤና ተማሪ የሆነች እኅታችንም አርማዋለች። ለሦስት ቃላት ግን ባዶ ቦታ ተትቷል። ወረቀቱ በማኅበሩ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሚያውቅ አንባቢ ቢመጣ እርሳስ አለ።