የፕሮፌሰር ሳትየንድራ ናት ቦዝ የሕይወት ታሪክ

ሳትየንድራ ናት ቦዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1894 በህንድ አገር በካልካታ ከተማ ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ሲሆኑ፥ እርሳቸው ከሰባት ልጆች የመጀመሪያውና ብቸኛው ወንድ ነበሩ። በካልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የሒሳብ ትምህርት ተምረው በ1915 የማስተርስ ፈተናቸውን በአንደኛነት አለፉ። ሁለተኛ የወጣው የክፍል ጓደኛቸው ሜግናድ ሳሃም ኋላ ስመ ጥር የሳይንስ ሊቅ ሆኗል። ሁለቱ ጓደኞች አልበርት አንስታይን በጀርመንኛ የጻፋቸውን ጽሑፎች ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ1920 በካልካታ አሳተሙ።

ቦዝ በ1921 ወደ አዲሱ የዳካ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ማስተማር ጀመሩ። እዚያም ማክስ ፕላንክ በ1900 ያገኘውን፥ የጋለ አካል ስለሚያወጣው ብርሃን የሚናገረውን ቀመር ለተማሪዎቻቸው ያስረዱ ነበር። ቀመሩ ትክክል መሆኑ በሙከራ ተረጋግጧል፤ የተገኘበት መንገድ ግን አሮጌውንና አዲሱን ሐሳብ የደባለቀ ስለ ነበር ቦዝን አላረካቸውም። ስለዚህ ከሥሩ ጀምረው መረመሩት።

የደረሱበትን ነገር በቀላል ምሳሌ እንመልከት። ሁለት የባቄላ ፍሬዎችን በሁለት ሣጥኖች ለማስቀመጥ አራት መንገድ አለ፤ ሁለቱም በአንደኛው፥ ሁለቱም በሁለተኛው፥ ወይም በየሣጥኑ አንዳንድ ሆነው ቦታ እየተለዋወጡ በሁለት ዓይነት። የብርሃን ቅንጣቶች ግን አንዱ ከሌላው ጨርሶ ስለማይለይ መለዋወጣቸው እንደ አዲስ መንገድ አይቆጠርም። ስለዚህ መንገዱ ሦስት ብቻ ነው፤ አብረው የመገኘታቸውም ዕድል ከግማሽ ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ ይላል። ቦዝ እጅግ ብዙ ቅንጣቶችን በዚህ ዓይነት በቆጠሩ ጊዜ የፕላንክ ቀመር ያለ አሮጌው ሐሳብ እርዳታ ተገኘ።

ጽሑፋቸውን ፊሎሶፊካል ማጋዚን ወደሚባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላኩ፤ ነገር ግን አልታተመም። ተስፋ ሳይቆርጡ ሰኔ 4 ቀን 1924 ለአንስታይን ላኩለት። አንስታይንም ዋጋውን ወዲያው ተረድቶ በገዛ እጁ ወደ ጀርመንኛ መለሰውና በዚያው ዓመት እንዲታተም አደረገ። ቀጥሎም አቆጣጠሩን ለአቶሞች አውሎ፥ በብርቱ ቅዝቃዜ እጅግ ብዙ አቶሞች በአንድ ዝቅተኛ ሁኔታ እንደሚሰበሰቡ አስቀድሞ ተናገረ።

ቦዝ ሁለት ዓመት ያህል በፓሪስና በበርሊን ከቆዩ በኋላ ወደ ዳካ ተመለሱ። የዶክተርነት ማዕረግ ባይኖራቸውም ፕሮፌሰር ሆነው እስከ 1945 አስተማሩ፤ ከዚያም በካልካታ እስከ 1956። ሕዝባቸው ሳይንስን በገዛ ቋንቋው እንዲማር በማሰብ በ1948 በቤንጋልኛ የሚሠራ የሳይንስ ማኅበር አቋቋሙ። የኖቤል ሽልማት አላገኙም፤ ነገር ግን በእርሳቸው አቆጣጠር የሚመሩት ቅንጣቶች ሁሉ በስማቸው ቦዞን ተብለዋል።

የካቲት 4 ቀን 1974 በተወለዱበት ከተማ ዐረፉ። ከሞቱ ከ21 ዓመት በኋላ፥ በ1995፥ በአሜሪካ በኮሎራዶ የሩቢዲየም አቶሞች ከፍጹም ዜሮ በላይ ከአንድ ዲግሪ ሚሊዮንኛ ወደሚያንስ ሙቀት ሲወርዱ የተተነበየው ነገር በዓይን ታየ። ይህም ሥራ በ2001 ለሦስት ሊቃውንት የኖቤል ሽልማት አስገኘ።

የፕላንክ ቀመር ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሲሠራበት ኖሯል። ቦዝ ግን ልባቸው ያልተቀበለውን ነገር ለተማሪ አስረድቶ ማለፍ አልሆነላቸውም። እኛም ቀመርን ለፈተና ብቻ ሸምድደን ከመርሳት ይልቅ፥ ከየት እንደ መጣ መምህሮቻችንን ብንጠይቅ ትምህርታችን የራሳችን ይሆናል።