ዮዜፍ ብራድል፤ መቶ ሜትርን በአየር የተሻገረው ወጣት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በአካባቢውም ገጠር ላደግን ልጆች በረዶ ማለት በክረምት ከዝናብ ጋር እየወረደ እህል የሚያወድም ጠጠር ነው። በአውሮፓ ተራሮች ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ ለስላሳ ሆኖ ይወርድና ምድሩን ለወራት ይሸፍነዋል። የዚያ አገር ሰዎች በየእግራቸው ረዥምና ቀጭን ሳንቃ አስረው ይንሸራተቱበታል፤ ይህንንም ስኪ ይሉታል። እኔ ታሪኩን የምጽፍለት ሰው ከነዚህ ተንሸራታቾች አንዱ ነው። እርሱን የመረጥሁበት ምክንያት ስሙ በዓለም የተሰማው ልክ በእኔ ዕድሜ፣ በ18 ዓመቱ በመሆኑ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ዮዜፍ ብራድል በ1910 ዓ.ም. ተወለደ። ያደገው በኦስትሪያ አገር፣ በሳልዝቡርግ ግዛት፣ ሙልባክ በምትባል የተራራ መንደር ነው። የእኛ አገር እረኛ ዳገትና ቁልቁለቱን ሲሮጥ እንደሚያድግ፣ የዚያም አገር ልጅ በስኪ ሲንሸራተት ያድጋል። ብራድል ግን ከመንሸራተት ይልቅ የታወቀው በዝላይ ነው።

የስኪ ዝላይ እንዲህ ነው። ዘላዩ ከከፍታ ተነሥቶ በተዘጋጀለት መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። ፍጥነቱ ከበረታ በኋላ መንገዱ ሲያበቃ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ራሱን ወደ አየር ይወረውራል። የሚያርፈው በሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ አጥንቱ በተሰበረ ነበር፤ ነገር ግን የሚያርፈው በቁልቁለት ላይ ስለ ሆነ፣ ምድሩ ከበራሪው ጋር አብሮ እያዘቀዘቀ ይቀበለዋል።

በዚያን ዘመን የዓለም አቀፉ የስኪ ማኅበር እጅግ ረዥም ዝላይን አደገኛ ነው በማለት አይወደውም ነበር። ሆኖም ዛሬ ስሎቬንያ በምትባለው፣ ያን ጊዜ ግን የዩጎዝላቪያ ክፍል በነበረችው አገር፣ ፕላኒትሳ በተባለ ሸለቆ ትልቅ መዝለያ ተሠራ። ያስፋፋውም ቀድሞ አውሮፕላን ይነድፍ የነበረው መሐንዲስ ስታንኮ ብሎውዴክ ነው። በ1927 ዓ.ም. ሬይዳር አንደርሰን የተባለው ኖርዌጃዊ በዚያ 99 ሜትር ዘለለ። መቶውን ግን ማንም አልደረሰበትም። መጋቢት 6 ቀን 1928 ዓ.ም. ብራድል 101 ሜትር ተኩል በአየር ሄዶ በእግሩ ቆመ። ይህም ከኳስ ሜዳ ጫፍ እስከ ጫፍ ያህል መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቀኑን ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። አውሮፓውያን ያንን ጊዜ ከጦርነቱ በፊት የነበረ ዘመን ይሉታል። ለእኛ ግን የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ከጀመረ አምስት ወር አልፎ ነበር። ብራድል ከዘለለ ከ16 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ አባቶቻችን በማይጨው ተዋጉ። በዚያ ሰማይ አንድ ወጣት ሲበርና ሕዝብ ሲያጨበጭብ፣ በእኛ ሰማይ አውሮፕላን መርዝ ያዘንብ ነበር።

መከራው ግን ወደ እርሱም አገር ደረሰ። በመጋቢት 1930 ዓ.ም. ጀርመን ኦስትሪያን ጠቀለለች። በዚያው ዓመት ብራድል በፕላኒትሳ 107 ሜትር ዘለለ፤ በ1931 ዓ.ም. ደግሞ በፖላንድ፣ በዛኮፓኔ ከተማ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያሸነፈው ግን በኦስትሪያ ስም ሳይሆን በጀርመን ስም ነበር። አስተናጋጇም ፖላንድ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ተወረረች። ጉልበቱ የራሱ ሲሆን ድሉ በሌላ አገር ስም መጻፉ እኔን ብዙ አሳስቦኛል።

እኛ በ1933 ዓ.ም. ነጻነታችንን መለስን፤ ጠላትም ቡሬን ለቅቆ የሄደው በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ነው። ኦስትሪያም ከዓለም ጦርነት በኋላ ስሟን አገኘች። በ1945 ዓ.ም. በጀርመንና በኦስትሪያ የአራቱ መዝለያዎች ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ፣ ብራድል በ35 ዓመቱ በአገሩ ስም ተሰልፎ አሸነፈ። ከዚያም ወጣት ዘላዮችን አሠለጠነ። በ1974 ዓ.ም. በ64 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሁለቱ ድሎቹ እኔ የኋለኛውን አስበልጣለሁ። በ18 ዓመት መድፈር የወጣትነት ጸባይ ነው፤ ጦርነትና 17 ዓመት ካለፉ በኋላ ተመልሶ ማሸነፍ ግን የትዕግሥት ፍሬ ነው። እኛም ተማሪዎች ዛሬ ድፍረቱ አለን፤ ትዕግሥቱን ግን ከወዲሁ እንልመደው።