ዶክተር አክሊሉ ለማና የወንዙ ምስጢር

እንዶድ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ልብስ ሲታጠብበት የኖረ ተክል መሆኑን ሳታውቁ አትቀሩም። የዚህ ተክል ፍሬ ብርቱ በሽታን ለመከላከል እንደሚረዳ ለዓለም ያስረዱት ግን ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዓመት፣ በ1935 ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ካገኙ በኋላ፣ በ1964 ቢልሀርዝያ የተባለው በሽታ እንዴት እንደሚዛመት ለመመርመር ወደ ዐድዋ ሄዱ።

ቢልሀርዝያ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። የበሽታውን ትል ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሀርዝ በ1851 በካይሮ ቢያገኘውም፣ ትሉ ወደ ሰው የሚደርስበት መንገድ ከስድሳ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆይቷል። በኋላ እንደ ተደረሰበት፣ የትሉ እንቁላል ከሕመምተኛው በሚወጣው ሽንት ወይም ዐይነ ምድር ወደ ውሃ ይገባል፤ ተፈልፍሎም በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ በወንዙ የሚታጠበውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው ጉዞ ይቋረጣል ማለት ነው።

ዶክተር አክሊሉም ቀንድ አውጣዎቹ የሚገኙበትን ስፍራ ለማወቅ ወንዙን ተከትለው ሲመረምሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተገኙ። ስለዚህም ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ እንድትጨምር ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

ሊቁ በዚህ ብቻ አልረኩም። በ1966 በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በእንዶድ በተደረገው ሙከራም፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ100 50 የነበሩት ወደ 7 ዝቅ አሉ።

ይሁን እንጂ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘውን ውጤት የውጭ ድርጅቶች በቀላሉ አልተቀበሉትም። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይታክቱ ሠርተው፣ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ፤ ኢንስቲትዩቱም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉ። በዚያ ወንዝ ዳር ስንት መንገደኛ አልፏል! የሞተውን ቀንድ አውጣ አይቶ ምክንያቱን የጠየቀው ግን አንድ ሰው ነበር። መልሱም የተገኘው ከሩቅ አገር በመጣ መድኃኒት ሳይሆን፣ ከአጣቢዋ እጅ ባልጠፋው እንዶድ ነው። እናንተም በየዕለቱ የምታዩትን ነገር ተራ ነው ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት፣ ስለ ምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ መጠየቅን ልመዱ።