ቶማስ ዴይ፤ የሚልተኑ ነፃ አናጢ

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ከቨርጂኒያ ወሰን አጠገብ ሚልተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1830 ዓ.ም. 61 ነጭ ነዋሪዎቿ ማመልከቻ ፈርመው ለግዛቱ ምክር ቤት ላኩ። የጠየቁት አኲላ ዊልሰን የተባለች አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ግዛቱ እንድትገባ እንዲፈቀድላት ነበር። ባሏ የከተማው የቤት ዕቃ ሠሪ ቶማስ ዴይ ሲሆን፣ ሚስቱን ካላስገቡለት ሚልተንን ለቆ ሊሄድ ነው።

አኲላም ሆነች ባሏ ባሪያዎች አልነበሩም። ችግሩ ግዛቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያወጣው ሕግ ነበር። ከሌላ ግዛት የመጣ ነፃ ጥቁር በ20 ቀን ውስጥ ካልወጣ 500 ዶላር ይቀጣል፤ መክፈል ካልቻለ ጉልበቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ዴይ እዚያ የሰፈረው ከሕጉ በፊት በመሆኑ አልነካውም። የቨርጂኒያዋን ልጅ ሲያገባ ግን ጎጆው ከወሰኑ ወዲያና ወዲህ ተከፈለ።

ዴይ የተወለደው በ1801 በቨርጂኒያ ዲንዊዲ ካውንቲ ነው። ሙያውን የተማረው የቤት ዕቃ ሠሪ ከነበረው አባቱ ከጆን ዴይ ነው። በ1827 በሚልተን ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ሲያወጣ ደንበኛ ነበረው። ታላቅ ወንድሙ ጆንም አናጢ ነበር፤ እሱ ግን በ1830 ወደ ላይቤሪያ ተሻግሮ ሚስዮናዊ ሆነ። በ1847 የላይቤሪያን የነፃነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ ሲሆን፣ ኋላም የአገሪቱ ዋና ዳኛ ለመሆን በቅቷል። ከአንድ አውደ ጥናት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ አዲስ አገር ሊያቆም ሄደ፤ ሌላው ባርነት በሞላበት አገር መጋዙን ይዞ ቀረ።

ከተማው ይህን ያህል የተከራከረለት ለምን ነው? በርካታ የትንባሆ እርሻ ባለቤቶች አዲስ ቤት እየሠሩ ነበር፤ ቁም ሳጥኑንም መሳቢያውንም፣ የደረጃውን መደገፊያም በራቸውን የሚያውቅ ሰው በቅርብ ይፈልጉ ነበር። የደንበኛን ቤት ለክቶ በር መሥራት ደግሞ ከውጭ ሲታይ ቀላል፣ ሲገቡበት ግን አስቸጋሪ ሥራ ነው። እንጨት በእርጥበት ወራት ያብጣል፣ በደረቅ ጊዜ ይኮማተራል፤ ያውም በቁመቱ ሳይሆን በአብዛኛው በወርዱ። ከወፍራም ጣውላ ብቻ የተሠራ ሰፊ በር ወይ ይጣመማል ወይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለሙያ አራት ጠባብ እንጨቶችን በማዕዘናቸው አጣምሮ ማዕቀፍ ይሠራና በውስጥ በኩል ቦይ ይቀርጽበታል። መሀሉን የሚሞላውን ጣውላ እዚያ ቦይ ውስጥ ያስገባዋል፣ በኮላ ግን አያጣብቀውም። ጣውላው እንደ ወቅቱ ሲሰፋና ሲጠብ ማዕቀፉ ሳይነቃነቅ ይኖራል። አንድ ትጉህ ግን ያላስተዋለ ተለማማጅ ኮላ ከጨመረበት በሩ ሲሰነጠቅ ማየቱ አይቀርም።

ዴይ ርካሽ እንጨት ላይ ስስ የማሆጋኒ ልባጥ እየለበጠ ይሠራ ነበር። በካስዌልና በአጎራባች ካውንቲዎች ባሉ ቤቶች ውስጥ የቀሩት የምድጃ ዙሪያዎቹና የደረጃ ምሰሶዎቹ በጊዜው ከነበረው ቀጥ ያለ ፋሽን የወጡ ናቸው፤ ምሰሶዎቹ እንደ ተጠመዘዘ ቅጠል ይጠቀለላሉ። የእጅ ፊርማ እንኳ ባይኖር ሰውየው ይታወቃል። በ1847 የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የክርክር ማኅበራት አዳራሾችን የውስጥ እንጨት ሥራ ወሰደ። የግዛቱ አስተዳዳሪ ዴቪድ ሪድም ደንበኛው ነበር።

በ1848 ዩኒየን ታቨርን የተባለውን የጡብ ሕንፃ ገዝቶ ቤቱንም አውደ ጥናቱንም አንድ ላይ አደረገው። በእንፋሎት የሚሠሩ ማሽኖችንም አስገባ። ከማርሽ ድምፅና ከመላጊያ ፍርፋሪ ጋር ነው ቤተሰቡ የኖረው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለአንባቢ ምቾት አይሰጥም። ዴይ ራሱ ባሪያዎች ነበሩት፤ የ1850 ቆጠራ 14 ይላል። ለአኲላ ማመልከቻ የድጋፍ ቃል የሰጠው የግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሮሙለስ ሳንደርስም ይህንኑ አንሥቶ ነበር፤ ባሪያዎች ያሉት ሰው ስለሆነ ለነጮቹ አስጊ አይሆንም ማለቱ ነው። ምክር ቤቱም ፈቀደ። ዴይ ያገኘው ለአንድ ቤተሰብ የተሰጠ ልዩ ፈቃድ እንጂ መብት አልነበረም። በ1835 ግዛቱ የነፃ ጥቁሮችን የመምረጥ መብት ሲሰርዝ የእሱም አብሮ ጠፋ። በዚያው ዓመት ዴይ በፊላደልፊያ በተካሄደ የነፃ ጥቁሮች ጉባኤ ላይ መገኘቱን ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ልጆቹንም የላካቸው በሰሜን ወዳለው ማሳቹሴትስ፣ ወደ ዌስሊያን አካዳሚ ነበር። ሚልተን ላይ ስለዚህ ጉዳይ ምን ያህል አፉን ዘግቶ ይኖር እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የ1857ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣ። በዱቤ ሸጦ የነበረው ዴይ ገንዘቡን መሰብሰብ አቅቶት በ1858 ከሰረ። የሞተው በ1861 ገደማ፣ የእርስ በርሱ ጦርነት በፈነዳበት ሰሞን ነው። ልጁ ቶማስ ሥራውን ከጦርነቱ በኋላም ለተወሰኑ ዓመታት ይዞት ቆየ። ዩኒየን ታቨርን በ1975 ብሔራዊ የታሪክ ቅርስ ተባለ፣ በ1989 እሳት ጎዳው፣ ኋላም ተጠግኖ ቆመ። የዴይ ዕቃዎች ደግሞ በራሊ ከተማ በሚገኘው የሰሜን ካሮላይና የታሪክ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ።