ከእሳት በረዶን ያወጣው መሐንዲስ

ፈርዲናንድ ካሬ እ.ኤ.አ. በ1824 በፈረንሣይ አገር ተወለደ። ሌሎች ቅዝቃዜን ከመጭመቂያ መኪና ጉልበት ሲሹ፣ እርሱ ከእሳት ሊያወጣው ተነሣ። በ1859 የፈጠራ ባለመብትነት ባገኘበት መሣሪያ ሙቀት አሞኒያን ከውሃ ይለያል፤ ጋዙ በግፊት ውስጥ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፤ ግፊቱ ሲላላ ይተንና የአካባቢውን ሙቀት ይወስዳል፤ ውሃውም መልሶ ይመጥጠዋል። በ1862 ለለንደን ኤግዚቢሽን ያቀረበው መሣሪያ በሰዓት 200 ኪሎግራም በረዶ ይሠራ ነበር።

ካሬ በ1900 አረፈ። መሣሪያው የሙቀቱን ምንጭ ስለማይመርጥ፣ ሞተር ከነዳጁ ኃይል ሲሶ ያህሉን በጭስ ማውጫው ሲያባክን የእርሱ ሥራ ይታወሳል። እርግጥ ሞተሩ ሥራ ሲፈታ ጭሱ ይበርዳል፤ ማቀዝቀዣውም ይደክማል። እንግዲህ ባልደረቦቻችን ለማቀዝቀዣ ሌላ ነዳጅ ከመመደባቸው በፊት፣ በከንቱ የሚወጣውን ሙቀት መጠንና የሚቆይበትን ሰዓት ሊያሰሉ ይገባል።