የሕፃናትን ጣፊያ የቆጠረው ሐኪም

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 መገባደጃ አንድ ብሪታኒያዊ ሐኪም በሕንድ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ሞሪሸስ ደረሰ። ከረዳቶቹ ጋር እየተዘዋወረ የሕፃናትን ሆድ ይዳስስ፣ ጣፊያቸው ያበጠውንም ይቆጥር ጀመር። ወባ የሚመላለስበት ልጅ ጣፊያው ያብጣልና ቆጠራው የበሽታው መለኪያ ነበር።

ሮናልድ ሮስ ያን ጊዜ ዝናው የናኘ ሰው ነው። በ1857 በሕንድ አልሞራ ተወልዶ፣ ልቡ ወደ ግጥም እያደላ፣ በአባቱ ፈቃድ ሕክምና ተማረ። በነሐሴ 1897 ሴኩንደራባድ ውስጥ የታማሚ ደም በመጠጠች ትንኝ ጨጓራ ግድግዳ ላይ የወባን ተሕዋስ አገኘ፤ በ1902ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲ ጋር ስለ ቀዳሚነት የገጠመው መራር ጠብ ግን አልበረደለትም።

ትንኝን ሁሉ ማጥፋት ስለማይቻል ረግረግ ማድረቁ ከንቱ ድካም ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። ሮስ በ1908 ዘገባው በቀመር ሞገታቸው። አንድን ታማሚ ስንት ትንኞች ይነክሱታል? ከእነዚያ ስንቶቹ ተሕዋሱ እስኪበስል በሕይወት ይቆያሉ? ስንቶቹስ ዳግም ሰው ይነክሳሉ? የትንኞች ብዛት ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ፣ የሚድኑት አዲስ ከሚያዙት ስለሚበልጡ ወባ በራሱ ይከስማል።

ቀመሩ ግን ታሞ የዳነን ሰው ፈጽሞ እንዳልታመመ ይቆጥረው ነበር። ወባ በበረታበት ቆላ እውነቱ ሌላ ነው። ሕፃን ደጋግሞ እየታመመ፣ ሞት ካልቀደመው፣ ከዓመት ዓመት የመቋቋም አቅም ይገነባል። ያም አቅም ሙሉ አይደለም፤ ንክሻው ሲቀር ይሳሳል። ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ ኒው ጊኒ ውስጥ ተሕዋሱ በሕፃናት በዝቶ በአዋቂዎች ማነሱን ቀድሞ አስተውሏል።

ሮስ በ1932 ለንደን ውስጥ አረፈ። በ1950ዎቹ ጆርጅ ማክዶናልድ ቀመሩን አሻሻለው፤ በ1970ዎቹ በሰሜን ናይጄሪያ ጋርኪ የተሠራው ሞዴል ደግሞ ያን የጎደለ አቅም በስሌቱ አስገባ።

ማላዊ፣ ጋናና ኬንያ በ2019 ሕፃናትን ለወባ መከተብ ሲጀምሩ ይኸው ጉዳይ ተመልሶ መጣ። የተከተበ ሕፃን በተሕዋሱ የሚያዘው በጥቂቱ ስለሆነ የራሱ አቅም ዘግይቶ ይዳብራል። ታዲያ ክትባቱ ሲደክም ሕመሙ ወደ ከፍ ያሉት ልጆች ይሸጋገር ይሆን? መልሱ እንደየአካባቢው የንክሻ ብዛት ይለያያል። ሆኖም ወባ አብዝቶ የሚገድለው ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ነውና መዘግየቱ ራሱ ትርፍ ነው። የማጠናከሪያው ክትባት መቼ ይሰጥ የሚለውም በዚሁ ስሌት ይመዘናል።